እባክዎ ይዝለሉ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ ስሰፋ ዋልኩ። የማስተማሪያው አውሮፕላን የወንበር ልብስ ተቀዳዶ መጣ። አውሮፕላን እንኳ አይባልም፤ ክንፍም ጭራም የለው፣ ሆዱ ብቻ ነው። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በብረት እግር ላይ የተቀመጠ። ሆስተስ ለመሆን የሚሰለጥኑት ልጆች የሚለማመዱበት። ወንበሩ፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ የአደጋ ጊዜ በሩ ሁሉ ልክ እንደ እውነተኛው ነው። በየቀኑ «እሳት!» እየተባለ ሲሮጡበት የወንበሩ ልብስ አይበረክትም። በተለይ በሩ አጠገብ ያሉት ወንበሮች... እኛ እንሰፋለን፣ እነሱ ይቀድዳሉ። ባይቀድዱስ ምን ሠርተን እንበላ ነበር?

ሜትር ጨርቁን እየቆረጠ ያቀብለኛል። ስሙን ሁላችንም ረስተነዋል፤ መለኪያው ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ሜትር ሆኖ ቀረ። «ጃርቷ፣ ዛሬ እሾህሽ በዛ» አለኝ። ኮሌታዬን ሳየው እውነትም ስፒልና መርፌ ብቻ። ምን ላድርግ? እጄ ከኮሌታዬ ሌላ የመርፌ ቤት አያውቅም። ሳልነቅለው ቤት ገብቼ ልጄን ሳቅፋት ስንቴ ወግቻታለሁ። «እማዬ፣ ወጉኝ» ትላለች። «ወጋሽኝ» አይደለም፣ «ወጉኝ»! እየተወጋችም በአንቱታ።

የአማቴ ትምህርት ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሦስታችን ነን በዚህ ቤት፤ እሳቸው፣ እኔና ልጄ። «በዚህ ቤት አንቺ የምትባለው ድመቷ ብቻ ናት» ይላሉ። ልጄም እንደዚያው አደገች። ጎረቤታችን ባለሱቋ ባየቻት ቁጥር «ልጅ ከወለዱ አይቀር እንዲህ ነው!» ትላለች። ደስ አይለኝም ብል ውሸት ነው።

እሷም ከሰልጣኞቹ አንዷ ናት፤ ረቡዕ ፈተና አለባት።

«ከባድ ነው?» አልኳት።

«አይ እማዬ፣ በር መክፈትና ሰው ማስወጣት ነው።»

በር መክፈትና ሰው ማስወጣት... ይሄማ ምን ይከብዳታል? እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትሠራው እኮ ነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ወደቀች።

እራት አልቀመሰችም። እኔም አልጠየቅኋት። ነገ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ነገረችኝ።

በሩን በደንብ ከፍታዋለች። መንሸራተቻውም ተነፍቶ ወርዷል። (መንሸራተቻ የሚሉት በአየር የሚነፋ ትልቅ ጨርቅ ነው፤ ከበሩ እስከ መሬት ይዘረጋል፣ ሰው ተቀምጦ ይንሸራተትበታል።) ጭስ አለ፣ ደወል ይጮሃል፣ መብራት ጠፍቷል። ተሳፋሪ ሆነው የገቡት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ናቸው። የፊተኞቹ ዘለሉ። ከዚያ የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው። አሰልጣኟ ቀድማ «በሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እምቢ ይበሉ» ብላቸዋለች። ሁልጊዜ አንድ ሰው እንዲህ ታስደርጋለች አሉ፤ እውነተኛ አደጋ ላይ የሚደርቅ ሰው አይጠፋማ።

ቆሙ።

ልጄ ምን አለች? «አባባ፣ እባክዎ ይዝለሉ።»

እሳቸው ዝም።

«አይዞዎት አባባ፣ ምንም አይልዎትም፣ ቀስ ብለው...» እጃቸውን ይዛ! ከኋላ ሰው በሰው ላይ ተከመረ። አንዷ ወንበር ላይ ወደቀች። ፊሽካ ተነፋ። አለቀ።

አሰልጣኟንም ፊሽካ ነው የሚሏት። «ለአንድ ሰው አክብሮት ስትይ ከኋላው ያለውን ሁሉ አቃጠልሽ» አለቻት። «በአንቱታ ከእሳት የወጣ ሰው የለም። ትጮሂያለሽ፣ በአንድ ቃል። እምቢ ካለ ትገፊዋለሽ።»

«መግፋት?» አልኳት ልጄን።

«መግፋት፣ እማዬ። በሁለት እጅ።»

«ሽማግሌውን?»

«ሽማግሌውን።»

እጄን በአፌ ጫንኩ።

አንድ ዕድል ቀርቷታል። ኅዳር 18። ያን ከወደቀች ከስልጠናው ትሰናበታለች፤ ሁለተኛ መመዝገብ የለም። ይቺ ልጅ ገና በዳዴ ሳለች አውሮፕላን ሲያልፍ ጣቷን ቀስራ ሥራ የምታስፈታኝ ነበረች...

ግን ትልቅ ሰው አክብሪ ማለት ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ? አልቀበልም። የፈለገችውን ትንፋ ፊሽካ! (አሁን ማንን ነው የምጣላው? ደብተሩን?)


ዓርብ፣ ኅዳር 7

ሜትርን አማከርኩት። «ቀላል ነው» አለ፣ «ለሁሉም 'ዝለሉ' ትበል! ለብዙም ይሆናል፣ ለአክብሮትም ይሆናል። ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።» ብልህ ነው አልኩ። እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት።

ልጄ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ለሕዝቡማ 'ዝለሉ' ነው የምለው እማዬ። ችግሩ አንዱ ሲቆም ነው። ፊቴ የደረቀ ሰው 'ዝለሉ' ሲባል ዞር ብሎ 'ማን? እኔን ነው?' ይላል። እሱን ብቻ ካልጠሩት አይነቃም።»

ሜትር ሆይ፣ ወፎቹ በረሩ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ልምምድ ጀመርን። የጓዳው በር ወደ ግቢ በደረጃ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ቆምኩላት። «በይ፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ፣ ደርቄያለሁ። ጩኺብኝ።»

«ይዝለሉ!»

«አይሆንም።»

«ይዝ... ዝ... ዝ...» እዚያው ላይ ቀረች። ክር እንደያዘው የስፌት መኪና።

«እንደ ድመቷ አድርጊኝ በቃ። ድመቷን 'ሂጂ' ትያት የለ?»

«ድመቷ እኮ እርስዎ አይደለችም» አለች። ሳቅ አፈነን፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን።

መግፋቱንም ሞከርን። በጣቷ ጫፍ ትከሻዬን ነካ ነካ... ጎበዝ፣ አቧራ እያራገፈችልኝ ነው ወይስ እየገፋችኝ?

ሰው ልጁ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ሆነብኝ ብሎ ያማርራል። እኔ ደግሞ ልጄን የቤት አልጋ የውጭ ቀጋ ላደርግ ደፋ ቀና እላለሁ። ጉድ እኮ ነው።


እሁድ፣ ኅዳር 9

ዛሬ የሆነውን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ከምሳ በኋላ ልጄ መኝታ ቤት ገብታ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ትለማመዳለች። ትራሱን ነጠቅኋት። «ትራስ ይዘሽ ነው የምትበሪው? በይ አሁን!»

ዓይኗን ጨፍና ጮኸች። «ቀበቶ ፍቱ! ዕቃ ተዉ! ውጡ! ውጡ!»

የእኔ ልጅ ድምፅ ነው ይሄ? መስኮቱ ነዘረ። ድመቷ አልጋ ስር ገባች። ደስ ብሎኝ ሳጨበጭብ... አማቴ ትዝ አሉኝ። በላይኛው ክፍል ጋደም ብለው ነበር። ሮጥን። አልጋው ባዶ! የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው ውጪ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፣ በአንድ እግር ጫማ፣ ራሳቸውን ገልጠው። በዚህ ቤት በኖርኩበት ዘመን ያለ ሻሽ አይቻቸው አላውቅም።

«ምንድነው፣ ቤቱ ተያያዘ?»

«አይ እማማ፣ ልምምድ ነው።»

«ልምምድ? 'ዕቃ ተዉ' ስትሉ ሻሼን ጥዬ ወጣሁ እኮ! ማነው የጮኸው?»

ልጄ መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። «እኔ ነኝ እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩአት። «ይሄ ድምፅ ካንቺ ነው የወጣው?» ጫማ የሌለውን እግራቸውን አራገፉ። «እንግዲያማ እሳት ቢነሳ አልሞትም» አሉ።

ሻሻቸውን አምጥቼ ሳስራቸው ደግሞ ጎንበስ አድርገውኝ፣ «አየሽ፣ 'ውጡ' ነው ያለችው፤ 'ውጪ' አላለችም። ጨዋ ልጅ» አሉኝ።

እዚያው ነን ማለት ነው...


ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አዲስ ጨርቅ መጣ፤ ግራጫ፣ ለመጋረጃ። እሳት ሳያይ አይሰፋም። ቁራጩን በብረት ሳጥን ውስጥ ያንጠለጥሉትና ከስሩ እሳት ይለቁበታል። እሳቱ ሲነሳ ጨርቁ በራሱ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ጥቅልሉ እንዳለ ይመለሳል።

ይሄን ስንቴ አይቻለሁ። ዛሬ ግን ቆሜ አየሁት። ጨርቁ ተጨማደደ፣ ጠቆረ፣ ጭስ ብጤ ወጣው... ጠፋ። «አለፈ!» አለ ሜትር።

አለፈ ግን ምን ማለት ነው? አይቃጠልም ማለት አይደለም እኮ። ይዘገያል ማለት ነው። ሁሉ ነገራችን እንደዚያ ነው። ክሩ፣ ስፖንጁ፣ ምንጣፉ። በሩ ፊት ያለው ወንበር ጀርባው የማይጋደመውም ለዚያ ነው፣ ሰው ሲሮጥ እንዳይዘጋበት። ተሳፋሪው «ወንበሬ ተበላሸ» ብሎ ይነጫነጫል። አልተበላሸም ወንድሜ፣ መንገድ እየለቀቀልህ ነው!

ማታ ለልጄ ነገርኳት። «እኔ እድሜዬን የሰፋሁት እሳቱ ትንሽ ቆም እንዲል ነው። ያቺን ትንሽ ጊዜ ለአንቺ ነው የማቆይልሽ። አንቺ ደግሞ 'እባክዎ፣ አይዞዎት' እያልሽ ልትጨርሺብኝ ነው?»

ሹካዋን አስቀመጠች። «እማዬ፣ እንዲህ ብለው ነግረውኝ አያውቁም።»

እኔም እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም።


ዓርብ፣ ኅዳር 14

የወርክሾፑ ኃላፊ መጣና «ማክሰኞ ለፈተና ተሳፋሪ የሚሆኑ ሰዎች ከእኛ ጠይቀዋል፤ ተለማምዶ የማያውቅ ይሁን ብለዋል» አለ። ጣቱን ቀሰረ። ሜትር። ኦቨርሎክ ላይ፣ የጨርቅ ጠርዝ መቀመቂያው መኪና ላይ ያለችው ልጅ። እኔ።

ሜትር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የሷ እናት ናት ልበል?» ሲል እግሩን ረገጥኩት።

ለምን ዝም አልኩ? አላውቅም። እኔ ብገባ ቶሎ ዘልዬ እገላግላታለሁ፤ አንድ ደረቅ ሰው ይቀንስላታል ብዬ ይሆናል። ከነገርኳቸውማ ሌላ ሰው ይተኩና እኔ እዚህ ተቀምጬ ጥፍሬን ስበላ ልውል ነው።

ለእሷም አልነግራትም። ብነግራት እንቅልፍ አይወስዳትም።

ልክ ነው? ስህተት ነው? ማክሰኞ ይታያል...


እሁድ፣ ኅዳር 16

ልብሷን ስትተኩስ ድንገት «ከወደቅሁ ባለሱቋ ትቀጥረኛለች፣ እማዬ» አለች። «ለደንበኛ የሚሆን አፍ አላት ብላለች።»

ስኳር መመዘን ነውር አይደለም። አውሮፕላን አለፈ፤ ሁለታችንም ቀና አላልንም።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

እየቸኮልኩ ነው የምጽፈው፣ ባይነበብም ግድ የለም፤ ማን ሊያነበው ነው።

ጠዋት አዳራሹ በር ላይ ፊሽካ አሰለፈችን። አጭር ናት፣ ድምጿ ግን ረጅም። «ባለ ተረከዝ ጫማ፣ እስክሪብቶ፣ ስለት፣ ሹል ነገር ሁሉ እዚህ ቅርጫት ውስጥ! መንሸራተቻው ጨርቅ ነው፣ ይቀደዳል።» መቀሴን አወጣሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። ሜትር መለኪያውን አላወርድም ብሎ ተከራከረ። ተረታ። አንገቱን ባዶ ሳየው ሌላ ሰው መሰለኝ።

ከዚያ ፊሽካ ሜትርን ለብቻው ጠርታ በጆሮው አንዳች ነገረችው። ገባኝ፤ የዛሬው እምቢተኛ እሱ ነው። ደስ አለኝ። ሜትርን ለመግፋት ማን ይቸገራል?

ገባን። የራሴ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ... እኔ ያለበስኩት ማለቴ ነው፣ በሩ አጠገብ ያለው። ስፌቴን በእጄ ዳበስኩት። ስንት ዓመት ለአውሮፕላን ስሰፋ እንደ ተሳፋሪ ስቀመጥ ገና ዛሬ ነው። ልጄ ፊት ለፊት ቆማ ቀበቶ ስታሳይ አየችኝ። ዓይኗ አንዴ ተርገበገበ፣ በቃ። መጥታ እንደማታውቀኝ ሰው «ቀበቶዎን ያጥብቁ» አለችኝ።

መብራት ጠፋ። ደወል። ጭስ፤ የውሸት ጭስ ነው፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ይላል። ግን ያስላል።

ዝም... ጩኺ እንጂ ልጄ፣ ጩኺ...

«ቀበቶ ፍቱ! ዕቃ ተዉ! በዚህ ውጡ!»

የእሁዱ ድምፅ! በሩ ተከፈተ፣ መንሸራተቻው እንደተቆጣ በሬ ተነፈሰ። ሰው መዝለል ጀመረ። ሜትር ከፊቴ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ የተሰጠውን ቦርሳ አቅፎ ቆመ። «ያለ ቦርሳዬ ንቅንቅ አልልም! የቤቴ ካርታ አለበት!» አይ ሜትር፣ የተከራየባት ክፍል ካርታ አላት እንዴ? ልጄ ቦርሳውን ነጥቃ ወደ ጥግ ወረወረችው። «ዝለል!» ትከሻውን ገፋችው። ሜትር ጠፋ። ከታች «ወይኔ ወገቤን!» ሲል ሰማሁት።

አለፈች! አሁን ቶሎ ልዝለልላት።

በሩ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ... ያ ጨርቅ። ውጥር ያለ ቢጫ፣ ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ሳይዛባ የወረደ። ማን ይሆን የሰፋው? ብዬ አሰብኩ እንዴ? አስቤያለሁ መሰለኝ። ጎንበስ ስል አገጬን አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ።

ኮሌታዬ!

መቀሴን ሰጥቼ፣ ጫማዬን ሰጥቼ፣ ሙሉ ጃርት ሆኜ ነው የገባሁት። ከሰውነቴ ጋር ተዋህደው ረስቻቸው። ወይ ጉዴ፣ እቀደዋለሁ! በልጄ ፈተና ቀን መንሸራተቻውን እናቷ ትቅደደው? ቆምኩ። መንቀል ጀመርኩ። አንዱን በእጄ፣ አንዱን በጥርሴ... ከኋላ ሰው ተደገፈብኝ። አንድ እጄ የበሩን ጠርዝ ያዘ።

«እማ...» አለች አጠገቤ።

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ፣ መርፌ አለብኝ...»

ዞር ብዬ አየኋት። ከንፈሯ «ይ» ሊል ነው። ያን «ይ» አውቀዋለሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ታስላለች፣ ሰው እየተጫጫነ ነው። አለቀልን አልኩ በልቤ፤ ያስወደቅኋት እኔው ራሴ ነኝ።

«ዝለይ!»

ጆሮዬ ጭው አለ። ሁለት እጅ ከነኮሌታዬ ትከሻዬ ላይ አረፈ። አቧራ የሚያራግፍ እጅ አልነበረም። ጣራውን አየሁ፣ እግሬን አየሁ፣ እንደገና ጣራውን... ሜትር ላይ አረፍኩ። «እሾሁ! እሾሁ!» እያለ ጮኸ።

ሁሉም ከወረደ በኋላ ፊሽካ መጣች። «እትዬ፣ ማን ይቁሙ አለዎት? እኔ የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው። ግን እንዴት አድርገው ተጫወቱት! እውነት እኮ ነው የመሰለው!»

መርፌውን ከጥርሴ አውጥቼ አሳየኋት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ሮጣ መንሸራተቻውን በእጇ ፈተሸችው። ጭረት ብቻ፣ ቀዳዳ የለም። ተመስገን። ከዚያ ተቆጣችኝ፣ በደንብ አድርጋ። ይገባኛል። ቁጣው መሃል ልጄ መጨረሻ ወርዳ ሮጣ መጣች። «እማዬ! ተጎዱ እንዴ? ይቅር ይበሉኝ፣ እግርዎን...»

ፊሽካ እኔን አየች፣ እሷን አየች።

«እናትሽ ናቸው?»

«አዎ።»

«ማንም አልነገረኝም።»

በዚህ ሰበብ ልትጥላት ነው። «እኔ ነኝ ዝም ያልኩት፣ እሷ መምጣቴንም አታውቅም ነበር» ልል አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ።

«በሩ ላይ ማን እንደሆኑ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«አይተሽ ነው የገፋሻቸው?»

ልጄ አንገቷን ደፋች። «አዎ።»

«ቀና በይ» አለቻት ፊሽካ። «እናቷን ያልማረች ማንን ትምራለች? አልፈሻል።»


ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ትከሻዬን አመመኝ። በየት በኩል እንደገፋችኝ እጄን አስቀምጬ አውቀዋለሁ። ሁለት መዳፍ፣ ግራና ቀኝ።

ልጄ ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን አታይም። ውሃ ታመጣለች፣ ትራስ ታመጣለች፣ «ይመችዎታል?» ትላለች። መጨረሻ ላይ ያዝኳት። «ምን ሆነሻል? አለፍሽ አይደል?»

«አንቺ አልኩዎት እኮ» አለች። አለቀሰች። ይቺ ልጅ ስትወድቅ አላለቀሰችም፣ አልፋ ታለቅሳለች።

ምን ልበላት? ደስ አለኝ ልበላት? በዚያች ሰዓት በጭሱ ውስጥ «ይዝለሉ» ብላኝ ቢሆን ነበር የማዝነው። እንዲህ ብዬ ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም። «መርፌ ወግቶሽ ነበር?» አልኳት። እጇን ዘረጋችልኝ። መዳፏ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ። በስፒሉ መሃል ነው የገፋችኝ! ተወግታም አልለቀቀችኝም።

አማቴ ከወንበራቸው ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ጆሯቸው ለዚህ ለዚህ አይሰንፍም።

«'ዝለይ' አለችሽ?»

«አለችኝ፣ እማማ።»

«ወጣሽ?»

«ወጣሁ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል?» ወደ ልጄ ዞሩ። «እኔንስ ምን ልትይኝ ነው?»

ልጄ ዓይኗን ጠረገች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «'ዝለይ' ነው የምልዎት፣ እማማ» አለች።

አማቴ ሻሻቸውን በሁለት እጃቸው ያዝ አደረጉ። «ይሄስ ዕቃ ነው?»

«ዕቃ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲህ ወይ እሳቱ ሻሼን እስካስር ይታገስ፣ ወይ እኔ ያለ ሻሽ እታገሳለሁ» አሉ።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 12

ሜትር ከወንበር ስፖንጅ ቁራጭ የመርፌ መሰኪያ ሠርቶ ሰጠኝ። በጃርት ቅርጽ፣ ጆሮ ሁሉ አለው። የእጅ አንጓ ላይ ይታሰራል። «ለእኔ ደህንነት ነው» አለ፣ «ሁለተኛ ብታርፊብኝ አልተርፍም።»

ኮሌታዬ ባዶ ሆነ። እጄ ግን አሁንም እዚያ ይሄዳል...


ሐሙስ፣ ጥር 9

ዛሬ የመጀመሪያ በረራዋ ነው።

ደንብ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ባላውቃት ሰላም አልላትም፤ ያስፈራል። የአማቴን ጉልበት ሳመች። እኔን አቀፈችኝ፣ ኮሌታዬን ቀድማ በእጇ ፈተሸች! «እማዬ፣ ይግቡ፣ ይበርድዎታል» አለች ከመኪናው ሆና። ያው አንቱታ፣ ያው ልስላሴ። የማያውቃት ሰው ምንም አልተለወጠችም ይላል።

ወርክሾፕ የወንበር ስር ኪስ ስሰፋ ዋልኩ፤ የሕይወት አድን ጃኬቱ የሚቀመጥበትን። ስንቱ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በላዩ ተቀምጦ ይበራል፣ አንድም ቀን እጁን ሳይሰድ። እንዳይሰድ ያድርገው። ግን እዚያ አለ። የልጄም «ዝለይ» እንደሱ ነው አልኩ። እዚያ አለ።

ስመለስ ባለሱቋ ከሱቋ ብቅ አለች። ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ ፊቷን ለለቅሶ አዘጋጅታ። አማቴ ናቸው ያወሩላት፣ ሌላ ማን።

«እኔስ ማመን አቃተኝ» አለች። «ያቺ ጨዋ ልጅ... በሰው ፊት ገፍታ ጣለችሽ አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኳት። «በሁለት እጇ። ደግሞ አንቺ ብላ!»